በፈረንሳይኛ የተሰማ መርዶ

ፈረንሳይኛ ተምሬ አላውቅም። አንድም ቀን፣ አንድም ክፍል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚያን ጊዜ አዋሳ፣ ምሥራቅ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ እኮ ፈረንሳይኛ ታውቃለች» እያለ ይምልብኝ ስለነበር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሱቃችን ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ሽቶ፣ ቅባት፣ ሳሙናና የፀጉር ቀለም መሸጥ ጀመረች። ዕቃው ከዱባይ ተነሥቶ በመርካቶ በኩል ነው የሚደርሰን። በካርቶኑ አንድ ጎን እንግሊዝኛ፣ በሌላው ጎን ፈረንሳይኛ ይጻፍበታል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ጎን እያስተያየሁ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። እንግሊዝኛው «ሳሙና» ካለ ፈረንሳይኛውም ያው ሳሙና ማለቱ ነው ብዬ ቃሉን እይዘዋለሁ። አነባበቡን ግን ማን ነግሮኝ! ፊደሉን ሁሉ እንደ እንግሊዝኛ እየጠራሁ ነበር የማነበው። አንድ ፈረንሳዊ ያን ጊዜ ሱቃችን ገብቶ ቢሰማኝ ኖሮ ሽቶውን ጥሎ ይሮጥ ነበር።

ድፍረቱን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ነው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። ክፍላችን ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ አንድ የማናውቀው ሰው በማናውቀው እንግሊዝኛ እየሮጠ ያስተምረናል። የክፍሉ መምህር ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆሞ ከእኛ እኩል ይገረማል። ሰውዬው ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ሳንጀምር «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ምን እናድርግ? ከአሥር ቃል ሁለቱን ይዘን ስምንቱን እንገምታለን። ፈተናም በዚያው እናልፋለን። በዚያ ላይ የታሪክ መምህራችን አንድ ቀን «ቢሮ፣ አምፖል፣ ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ሽሚዝ የምትሏቸው ሁሉ ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ከባቡሩ ጋር የገቡ ናቸው» አሉን። ቤት ሄጄ ለእናቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ሳላውቀው የውጭ ቋንቋ ስናገር ኖሬያለሁ በይኛ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ለደንበኛ ሁሉ ዕቃውን ስታነሣ «ቆይ፣ ልጄ በፈረንሳይኛ ታንብብልሽ» ማለት ጀመረች። እኔም አነባለሁ። አንድ ጊዜ «ለእግር ነው» ብዬ የሸጥኩት ቅባት የእጅ ሆኖ ተገኘ። ሴትየዋ መልሳ ስታመጣው እናቴ ምንም አላፈረችም። «እጅም እግርም ያው የአንቺው ነው» ብላ ሸኘቻት።

ታላቅ እህቴ ቤሩት ነበረች። ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ያኔ አንዲት ሁለት ሴት ልጅ ያልሄደችበት ሰፈር አልነበረም፤ እኛም ቤት ተራው ደርሶ እሷ ሄደች። የምትሠራበት ቤት እመቤት «ማዳም» ነው የምትባለው፤ ስሟን እህቴም የምትጠራው አይመስለኝም። ከዚያ የደረሰን አንድ ፎቶ አለ። ባልኮን ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቶ፣ አንድ እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ ትስቃለች። ከበታቿ የመኪኖች ጣሪያ እንደ ክብሪት ቀፎ አንሶ ይታያል። እናቴ ፎቶውን ባየችው ቁጥር «ከዚያ ብረት ራቂ በሏት» ትል ነበር። ለማን እንደምንነግርላት እንጃ።

በየወሩ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ተወች። አንድ ወር ዝም ስትል «ሥራ በዝቶባት ነው» አልን። ሁለተኛው ሲያልፍ እናቴ እንቅልፍ አጣች። ስልካችን ሲጮህ ደንበኛዋን አቋርጣ ትሮጣለች፤ ሌላ ሰው ሲሆን ፊቷ ይጠቁራል። ሦስተኛው ወር ሲገባ እህል መብላት አቆመች ማለት ይቻላል። ሰው የምትፈራውን ያውቅ ነበር። ከዚያ አገር በሣጥን የተመለሱ ልጆች ለቅሶ ከተማችን ውስጥ ደርሰናል። ማናችንም በአፋችን አላወጣነውም እንጂ ሁላችንም ያንኑ ነበር የምናስበው።

በመጨረሻ እናቴ ሐጂ ዘንድ ሄደች። ሐጂ ከሱቃችን ቀጥሎ ያለው የጨርቃ ጨርቅ መደብር ባለቤት ናቸው፤ ከስልጤ የመጡ፣ የሰፈሩ ሁሉ አባት። በወጣትነታቸው ጂዳ ስለኖሩ ዓረብኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት። ወደ ውጭ የሚደውል መስመር ያለውም እሳቸው መደብር ነበር።

«ሐጂ፣ እባክዎን የማዳሟን ስልክ ይደውሉልኝና ልጄ በሕይወት እንዳለች ብቻ ይጠይቁልኝ» አለቻቸው።

«ይኼ ምን ልመና ይፈልጋል? ነይ ግቢ» አሉና ደወሉ።

እኔና እናቴ ባንኮኒው አጠገብ ቆመናል። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው በሚያምር ዓረብኛ ሰላምታ አቀረቡ። ከዚያ አዳመጡ። እንደገና ተናገሩ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። መነጋገሪያውን ከጆሮአቸው አርቀው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይቺ ሴትዮ ዓረብኛ አልመልስም ብላለች» አሉ። «ዓረብ ሆና በፈረንሳይኛ ነው የምትጮኸው። እንቺ ልጄ፣ ይኼ ያንቺ ነው።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። በዚያ ዓይን ላይ የነበረውን ተስፋ እስካሁን አልረሳውም። ለወራት የጨለመው ፊቷ በራ። ልጇ ፈረንሳይኛ ታውቃለቻ! ደስ አለኝ ብል አላፍርም፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። መነጋገሪያውን ተቀብዬ «አሎ፣ ማዳም» አልኩ።

የወንዝ ሙላት ነው የመጣብኝ። ሴትየዋ ትናገራለች፣ ትጮኻለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እንደገና ትጀምራለች። ካርቶን ላይ ከለቀምኳቸው ቃላት አንዱም አልመጣም፤ ቢመጣም በእሷ አፍ አላውቀውም። ግን ከሙላቱ መካከል የማውቃቸው ብቅ ማለት ጀመሩ። «ባልኮን» አለች። ጆሮዬ ቆመ። ቀጥላ «ኦፒታል» አለች፤ ሆስፒታል መሆኑን ማንም አይስተውም። «ፖሊስ» አለች፣ ደጋግማ። «ፓስፖር» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች፤ መጨረሻው «አላ ሜዞን» ይላል። ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ፤ ለሕፃን እንደሚደገም። ከዚያ ዘጋችው።

ክው አልኩ። ባልኮን፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስ፣ ፓስፖርት። ማንኛዋም የአዋሳ ልጅ እነዚያን አራት ቃላት ብትሰማ ሌላ ምን ትላለች?

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

አገራችን ላይ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር ቆማ አይነገራትም። ሱቅ ውስጥ አይነገራትም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ወተት ጋር የገባ ነው። «አሁን እቤት የለችም አለች» አልኳት። እውነት ነው፤ ሳላውቀው እውነት ተናግሬ ነበር። «ሌላ ቀን ደውሉ አለች።»

«ድምፅዋ ግን የተቆጣ ነው።»

«ፈረንሳይኛ እንደዚያ ነው፣ እማዬ።»

እናቴ «ተመስገን» ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ሐጂ ግን ፊቴን አይተው ነበር። በጥቅል ጨርቆቹ መካከል ጎትተው ወሰዱኝና «ተናገሪ» አሉኝ። አራቱን ቃላት ነገርኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም፤ ማከል አያስፈልግም ነበር። ሐጂ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑና ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች የእድራችን ሰብሳቢ ቤት ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ከቢሮ ሥራ በጡረታ የተገለሉ ሲዳማ ናቸው፤ በጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ ቃል ሳይመዝኑ አይናገሩም። ሐጂ አሉ። የእናቴ ወንድም፣ ቁጡው አጎቴ፣ አለ። እኔን ደግሞ እንደ ምስክር መካከል አስቀመጡኝ። በልጅነቴ ሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን እነሱ ሁሉ የእኔን አፍ ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ ሞተች ብላለች ወይ?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ሞተች የሚለውን በፈረንሳይኛ አላውቀውም፣ ጋሼ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ሞትን ሽቶ ካርቶን ላይ አይጽፉትም።

አጎቴ ጭኑን መታ። «ባልኮን ብላለች! ፖሊስ ብላለች! ሆስፒታል ብላለች! ከዚህ ወዲያ ምን ትበል? ፎቶውን አላያችሁትም? ልጅቱ የቆመችበትን ከፍታ አላያችሁም?»

«መርዶ በግምት አይነገርም» አሉ ሰብሳቢው። «ሰው ሳይሞት ማልቀስ ማጋኖን፣ ፈጣሪን፣ መፈታተን ነው። ደግመን እንደውል።»

ደወሉ። ይጮኻል፣ አይነሣም። የላካት ኤጀንሲ ጋ ተደወለ፤ አንዲት ልጅ አንሥታ ጉዳዩን እንደሰማች «ኃላፊው የሉም» ብላ ዘጋችው። እሱም እንደ ማስረጃ ተቆጠረ፤ «ባትሞትባቸውማ ለምን ይሸሻሉ?» አለ አጎቴ። እኔ ቃል ሰጥቻቸው ነበር፤ እነሱ ዓረፍተ ነገር ሠሩት። እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ዓረፍተ ነገሩ እየጠነከረ ሄደ። እኔ ራሴ አመንኩት። ሌሊት ዓይኔን ስከድን ያ የባልኮን ብረት ይታየኛል።

ያስቸኮላቸው ግን ሌላ ነው። ወሬ ሾልኳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዲት ደንበኛ ሳሙና ልትገዛ መጥታ እናቴን አቅፋ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይዞሽ» አለቻት። እናቴ ግራ ገብቷት «ምን ሆንኩ?» ስትል ሴትየዋ ሳሙናውን ጥላ ወጣች። እኛ ዘንድ ከሞቱ እኩል የሚያስፈራው መርዶን በመንገድ መስማት ነው። እናት እየሸጠች፣ እየመዘነች፣ «ከመቼ ወዲህ ነው የተወደደው» እያለች እየተከራከረች፣ ልጇ መሞቷን ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ እሷ ብቻ ሳታውቅ ከዋለች ነውሩ የሽማግሌዎቹ ነው። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ተሸነፉ። ሰብሳቢውም ዝም አሉ። ዝምታቸው እሺ ተብሎ ተወሰደ።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። ከሐይቁ የሚነሣው ጭጋግ ገና ከመንገዱ አልለቀቀም። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ እንዳይሰማ አፋቸውን ይዘዋል። ነቅቼ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ነበር። እናቴ በሩን ስትከፍት ፊቷን እየታጠበች ነበር፤ ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ሰብሳቢውን አየች፤ ምንም አልመሰላትም። ቀጥላ ወንድሟን አየች። ከዚያ ሐጂን አየች። ሐጂ በዚያ ሰዓት መስጊድ መሆን እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ጎንበስ ብላ የውሃ ጣሳውን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ልጄ ናት» አለች። አልጠየቀችም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ሰብሳቢው።

ትጮኻለች ብለን ስንጠብቅ እናቴ ቀና አለች። «ማነው የሰማው?» አለች። «በምን ቋንቋ ነው የሰማችሁት?»

ይህን የምትጠይቅ እናት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። «በፈረንሳይኛ» አለ አጎቴ።

እናቴ አየችኝ። ያ ዓይን፣ ያው በሐጂ መደብር ውስጥ የበራው ዓይን። «እሷ ከሰማችው እውነት ነው» አለች። ከዚያ ነው የጮኸችው። ከጩኸቷ ይልቅ ያ ቃል ነው አንጀቴን የቆረጠው። በዕድሜዬ ማንም ሰው እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም።

ድንኳን ተተከለ፣ የእድሩ ወንበርና ንፍሮ መጣ። አስከሬን ስለሌለ ፎቶው አስከሬን ሆነ። ሌላ ፎቶ ፈልገን አጣን፤ ያንኑ የባልኮኑን አሳደግነውና በጥቁር ጨርቅ ከብበን ድንኳኑ መካከል አቆምነው። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ቆሞ ደረቱን ይመታል፤ እሷ ከዚያ ላይ ሆና ትስቃለች። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያን ብረት ነው። «ይኸው፣ ከዚህ ላይ ነው» ይባባላሉ። ያልተማርኩት ቋንቋ በአንድ ሰፈር አፍ ሲተረክ ሰማሁ፦ «ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አዞራት»፣ «ማዳሟ ገፍታት ነው»፣ «ሆስፒታል እስክትደርስ ነፍስ ነበራት»። ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው? እኔ አራት ቃል ብቻ ነበር የያዝኩት።

እናቴ በዜማ ማልቀስ አትችልም ነበር፤ የሌላው ለቅሶ ላይ ዝም ብላ ነበር የምታነባው። በዚያን ቀን ግን ተነሥታ ፎቶውን ይዛ እንዲህ አለች፦

ከፎቅ ላይ ልጄን ማን ገፍቶ ጣለብኝ፣
መሬቱ ያገሬ አይደል እንዴት ተቀበለኝ።

ድንኳኑ በጩኸት ተናጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ተንሰቀሰቁ። እኔ አንድ ጥግ ተቀምጬ ያን ያልገባኝን የማዳሟን የመጨረሻ ንግግር በልቤ እደጋግመዋለሁ፦ «ዲት ሉዊ ደ ረንትሬ አላ ሜዞን።» ሁለት ጊዜ ስለተደገመልኝ ድምፁ ቃል በቃል ተጣብቆብኝ ቀርቷል። ሐዘን መግለጫዋ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በሰልስቱ ቀን፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከሐይቁ ማዶ የመጡ የእናቴ ዘመዶች ገና ከመድረሳቸው ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀጣጥሎ ሳለ፣ የተዘጋችው ሱቃችን ውስጥ ስልክ ጮኸ። ማንም አልሰማም። እኔ የሰማሁት ጥጉ ከሱቁ በር አጠገብ ስለሆነ ነው። ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው ይሆናል ብዬ ገብቼ አነሣሁ።

«አሎ?» አለች።

የእህቴ ድምፅ ነው። የሞተ ሰው ስልክ ይደውላል እንዴ? ፈረንሳይኛ አይደል፣ ዓረብኛ አይደል፤ የገዛ እህቴ በገዛ ቋንቋዬ «አሎ፣ አንቺ ነሽ?» ትለኛለች፣ እኔ አንድ ቃል አጣሁ።

«ለምን አትመልሺም? ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለች። ከኋላዬ በሩ ክፍት ነው፤ የድንኳኑ ዋይታ በሙሉ መነጋገሪያው ውስጥ ይገባል። ትንሽ አዳመጠች። «ለቅሶ ነው?» አለች። «እኛ ቤት ነው?»

«እ…» አልኩ።

«ማነው? ንገሪኝ፣ ማነው?» ከዚያ ራሷ ገመተችው። እሷም ልክ እንደ እኔ ከሰማችው ከፊሉን ይዛ የቀረውን ሞላችው። «እማዬ ናት! እማዬ ናት አይደል? ወይኔ እናቴ! ወይኔ ሳላይሽ!» ብላ መጮህ ጀመረች። ቤሩት ላይ እህቴ እናቴን ታለቅሳለች፤ ምሥራቅ ላይ እናቴ እህቴን ታለቅሳለች፤ እኔ በሁለቱ መካከል የስልክ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ያህል የደነገጥኩበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ የእናቴን ክንድ ያዝኩ። ጎተትኳት። ሴቶቹ «ተይዋት! ልጅቷ አበደች!» ይላሉ፤ እኔ እጎትታለሁ። ማስረዳት ብሞክርም የወጣው «ስልክ፣ ስልክ» ብቻ ነው። እናቴ ያበድኩ መስሏት፣ ሁለተኛ ልጅ እንዳታጣ ብላ ተከተለችኝ። ሕዝቡም ተከተለን። መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት።

እናቴ አዳመጠች። ሱቁ በር ላይ የተደረደረው ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ ዝም ሲል የእህቴ ዋይታ ከመነጋገሪያው አልፎ እስከ በሩ ይሰማ ጀመር።

«አቤት» አለች እናቴ፣ በሹክሹክታ።

ዋይታው ቀጥ አለ። «እማዬ?»

«አቤት ልጄ።»

«አልሞትሽም?»

«የሞትሽው አንቺ ነሽ» አለቻት እናቴ። «ድንኳን ጥለን እያለቀስንልሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባለው ብዙ ነው፣ ግማሹም ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም። እናቴ ስልኩ እስኪቋረጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትደጋግመው፦ «በይ ነይ። ወደ ቤትሽ ነይ።» ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። የጸሎት ቤት ሰዎች መዝሙር ጀመሩ። አጎቴ ራሱ የተከለውን ድንኳን ገመድ ለመፍታት ሲጣደፍ ተደናቅፎ ወደቀ። ሰብሳቢው ብቻ ፎቶው ፊት ቆመው ቀሩ። «የእድራችን ደንብ ለሞተ ሰው ነው እንጂ ለተነሣ አልተጻፈም» አሉ፤ ቀልድ ከአፋቸው ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሁለት ክረምት በኋላ እህቴ ተመለሰች። ከስታ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ያው ናቸው። በር ቆልፈውባት፣ ስልክ ከልክለዋት ኖራ፣ አንድ ቀን አንሶላ ከአንሶላ ቋጥራ ከባልኮኑ ወደ ታችኛው ባልኮን ወረደች። እዚያ ቤት የምትሠራ የአገሯ ልጅ ደበቀቻት፤ ወደ እኛ የምትደውልበት ስልክ እስክታገኝ ግን ጊዜ ወሰደ። ፓስፖርቷ ማዳም እጅ ቀረ። ለመመለስም ያን ያህል ጊዜ የፈጀባት እሱ ነው።

በመጣች ሰሞን ስለ ቤሩት አላወራችም። የራሷን ለቅሶ ነበር የምትጠይቀው። «ማን ማን መጣ? አክስቴስ አለቀሰች? ያቺ ጓደኛዬ ድንኳን ውስጥ አደረች ወይስ ደርሳ ተመለሰች?» ትላለች፤ ያልመጡትን ስትሰማ ከልቧ ትቀየማለች። እኔ ደግሞ ሌላ የሚበላኝ ነገር ነበር። እሷም ፈረንሳይኛ አልተማረችም፤ እየታዘዘችና እየተቆጡአት፣ የማዳሟን እጅና ፊት እያየች ገምታ ነው የያዘችው። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ያን የተጣበቀብኝን ንግግር አልኩላት፦ «ዲት ሉዊ ደ ረንትሬ አላ ሜዞን።»

ፊቷ ተለወጠ። «ይኼን የት ሰማሽው?»

«ማዳምሽ ናት ያለችኝ። ሁለት ጊዜ።» አራቱንም ቃል ነገርኳት።

«‹ወደ ቤት እንድትመለስ ንገሯት› ነው ያለችሽ» አለች። «በባልኮኑ ጠፍታለች፣ ሆስፒታል ፈልጌ አጣኋት፣ ለፖሊስ ነግሬያለሁ፣ ፓስፖርቷ እኔ ጋ ነው፤ ከደወለች እንድትመለስ ንገሯት። ይኼው ነው።»

አራቱንም ቃል በትክክል ነበር የሰማሁት። ሴትየዋ እህቴ መኖሯን እየነገረችኝ ነበር። እሷም እናቴም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቤት ትመለስ።

እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ካርቶን ትደረድራለች፤ የሰማች አትመስልም። እህቴ ወደ እሷ ዞረችና እየሳቀች «እማዬ፣ ግጥም አውጥተሽልኛል አሉ። እስቲ በይልኝ» አለቻት።

«ተይኝ።»

«ለእኔ አይደል የተባለው? እኔው ልስማው እንጂ።»

እናቴ ሳሙናውን ሳታስቀምጥ፣ ያለ ዜማ፣ ለደንበኛ ዋጋ እንደምትናገር አለችው። «ከፎቅ ላይ ልጄን ማን ገፍቶ ጣለብኝ፣ መሬቱ ያገሬ አይደል እንዴት ተቀበለኝ።»

የእህቴ ሳቅ ጠፋ። ባንኮኒውን ዞራ ሄዳ እጇን ያዘቻት። «አልወደቅኩም እኮ፣ እማዬ» አለቻት።

«አውቃለሁ፣ አንቺ አልወደቅሽም» አለች እናቴ። «የወደቅኩት እኔ ነኝ።»